ከፍተኛ ሬዚስቲቪቲ ሁሉ በረዶ አይደለም

የጠያቂው መልእክት ሲያጥር ይህን ይላል፦ «የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በአንድ ከፍተኛ ተራራ ላይ ባለ የድንጋይ ግግር ላይ እየሠራሁ ነው። በ24 ኤሌክትሮዶች (መሬት ላይ በሚተከሉ የብረት ችንካሮች)፣ በመካከላቸው 5 ሜትር እያራቅን፣ አንድ የሬዚስቲቪቲ (መሬቱ ኤሌክትሪክን የመቃወም መጠን) መስመር በዌነር አደራደር (አራት ኤሌክትሮዶች በእኩል ርቀት በሚሠሩበት) ለካን። ከ4 ሜትር ጥልቀት በታች ከ15,000 እስከ 40,000 ኦም ሜትር የሚደርስ ዞን አገኘን። የኢንቨርዥኑ (ልኬቱን ወደ መሬት ሞዴል የሚለውጠው ስሌት) ስህተት 4 በመቶ ብቻ ስለሆነ የበረዶው መኖር ተረጋግጧል ብዬ ጽፌአለሁ። የቀረኝ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደያዘ ማስላት ነው። አማካሪዬ ግን ሌላ ዘዴ ጨምር ይሉኛል። የመሬት ራዳር ይሻላል ወይስ ሴይስሚክ? ለቁፋሮ ገንዘብ የለንም።»

በረዶው አልተረጋገጠም። የውሃ ስሌቱም አሁን በእጅዎ ባለው መረጃ አይሠራም። አማካሪዎ ትክክል ናቸው፤ ከሁለቱ በቅድሚያ የሚያስፈልግዎ ሴይስሚክ ሪፍራክሽን (ከመዶሻ ምት የሚነሳ ሞገድ በመሬት ውስጥ ታጥፎ እስኪመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ ዘዴ) ነው፣ ያውም ኤሌክትሮዶቹ በተተከሉበት በዚያው መስመር ላይ። የሬዲዮ ሞገድ ወደ መሬት የሚልከው ራዳር ቀጥሎ ይመጣል። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ጥያቄው ውስጥ አብረው የተጠቀለሉ ነገሮችን መነጣጠል አለብኝ።

ከቃላቱ ልጀምር። ፐርማፍሮስት የሙቀት መጠን ስም እንጂ የበረዶ ስም አይደለም። ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ዓመት ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፍ የቆየ መሬት ሁሉ ፐርማፍሮስት ነው፤ በውስጡ ቅንጣት በረዶ የሌለው ደረቅ ዓለት እንኳ ይህን መስፈርት ካሟላ በዚሁ ስም ይጠራል። ከበላዩ በየዓመቱ በሞቃቱ ወቅት ቀልጦ በቅዝቃዜው ወቅት መልሶ የሚረጋ ንብርብር አለ። እርስዎ ያገኙት የ4 ሜትር ወሰን የዚህ ንብርብር ወለል ሊሆን ይችላል፤ ትልልቅ ቋጥኞች ወደ ትንንሽ ድንጋይ የሚለወጡበት ወሰንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «መሬቱ ከዜሮ በታች ነው?» እና «በረዶ አለበት? ካለስ ስንት?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በቀጥታ የሚመልሰው ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ጂኦፊዚክስ የሚረዳዎት በሁለተኛው ነው፣ እሱም በተዘዋዋሪ።

የድንጋይ ግግርም ድንጋይ የለበሰ የበረዶ ግግር ማለት አይደለም። ከገደል የወረደ ፍርስራሽ፣ ውስጡ በረጋው በረዶ ተያይዞ፣ በራሱ ክብደት በተዳፋት ላይ የሚንፏቀቅ ክምር ነው። በዓመት ከጥቂት ሴንቲሜትር እስከ ጥቂት ሜትር ይጓዛል። በአንዳንዶቹ ሥር በኩል የቀድሞ የበረዶ ግግር ቅሪት ተቀብሮ ይገኛል፤ ይህ ግን የሁሉም ጠባይ አይደለም። ለእርስዎ ጉዳይ ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ በረዶው ቀልጦ ካለቀ ከሺህ ዓመታት በኋላ እንኳ ቅርጹ፣ ማለትም የግንባሩ ጉብታና የገጹ ሸንተረርና ስርጥ፣ ሳይጠፋ ይቆያል። በጥያቄዎ ውስጥ ግግሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ አንድም ቃል አለመኖሩ አሳስቦኛል። ግንባሩ ቁልቁል የቆመና አዲስ ድንጋይ የሚያራግፍ ነው ወይስ ተኝቶ ዕፅዋት የበቀለበት? ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሆኖም ከ24 ኤሌክትሮድ ያላነሰ ይናገራል።

አሁን ወደ ሬዚስቲቪቲው። በመሬት ውስጥ ኤሌክትሪክን በአብዛኛው የሚያስተላልፈው ጨው የሟሟበት ፈሳሽ ውሃ ነው። ውሃው ሲረጋ መንገዱ ይዘጋና ሬዚስቲቪቲው ከፍ ይላል፤ ዘዴው የተመሠረተው በዚህ ነው። ችግሩ መንገዱን የሚዘጋው በረዶ ብቻ አለመሆኑ ነው። አየርም ይዘጋዋል፤ ያልተሰነጠቀ ዓለትም ይዘጋዋል። ያልረጋና እርጥበት ያለው ፍርስራሽ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ኦም ሜትር ያሳያል። በረዶ የያዘ ፍርስራሽ ከ10,000 አንሥቶ ብዙ መቶ ሺህ ይደርሳል፤ ግዙፍና ንጹሕ የግግር በረዶ ከአንድ ሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን በመካከላቸው ባዶ አየር ያለባቸው ደረቅ ቋጥኞችም 10,000ን በቀላሉ ያልፋሉ፤ ጤነኛ፣ ማለትም ያልተሰነጠቀ፣ ግራናይት ወይም ናይስ የተባለ ጽኑ ዓለትም ብዙ አሥር ሺህ ይደርሳል። የእርስዎ ከ15,000 እስከ 40,000 ያለው ቁጥር በሦስቱም ክልል ውስጥ ይወድቃል። እንዲያውም በረዶ ከሆነ ከበረዶዎቹ በዝቅተኛው ጠርዝ ላይ ነው፤ ይህም ሙቀቱ ለዜሮ የቀረበና በቅንጣቶቹ ዙሪያ ስስ የፈሳሽ ውሃ ሽፋን ያለው መሆኑን ሊጠቁም ይችላል።

ተቃራኒውም ስህተት እንዳለ ይወቁ። ደቃቅ አፈር የበዛበትና ሙቀቱ ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ያለ መሬት ከውሃው ብዙውን ሳያረጋ ሊይዝ ይችላል፤ በምስሉ ላይ ከ2,000 ወይም ከ3,000 ኦም ሜትር ባይበልጥም ፐርማፍሮስት ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ባዩ ጊዜ «የለም» ለማለት አይቸኩሉ።

ስለ 4 በመቶው ስህተት ቁርጥ ያለ ነገር ልናገር፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ነውና። ያ ቁጥር የሚለው ሞዴሉ ከልኬትዎ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው፤ ከመሬቱ ጋር መስማማቱን አይልም። ያንኑ ልኬት በዚያው 4 በመቶ የሚያሟሉ እጅግ ብዙ ሞዴሎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ከነሱ ውስጥ ለስላሳውን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከቦታ ቦታ ቀስ ብለው የሚለወጡበትን፣ መርጦ ያሳይዎታል፣ ምክንያቱም እንዲያ እንዲመርጥ ታዝዟል። በረዶ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኤሌክትሪክ ቀላሉን መንገድ ስለሚፈልግ ከፍተኛ ሬዚስቲቪቲ ያለውን አካል ዞሮት ያልፋል፤ ስለዚያ አካል ውስጥ የሚያመጣልን ወሬ ጥቂት ነው። በምስሉ ላይ 40,000 የሚለው ቦታ በእርግጥ 40,000 ይሁን 150,000 በዚህ ልኬት መለየት አይቻልም። ኢንቨርዥኑን ሁለት ጊዜ ይሥሩት፤ አንዱን በዝቅተኛ ሌላውን በከፍተኛ መነሻ ሞዴል። ሁለቱ ውጤቶች የሚለያዩበትን ቦታ ሁሉ ከምስሉ ላይ ይሸፍኑት፤ እዚያ ያለው ቁጥር የመነሻ ሞዴሉ እንጂ የልኬትዎ ውጤት አይደለም። ለስላሳውን ኢንቨርዥን ወሰንን አጥርቶ ከሚያወጣው ጋር ማነጻጸርም ይጠቅማል።

ጥልቀቱም አለ። 24 ኤሌክትሮድ በ5 ሜትር ሲደረደር መስመሩ 115 ሜትር ነው። በዌነር የሚያገኙት ትልቁ ርቀት 35 ሜትር ስለሆነ የሚታይዎ ጥልቀት ወደ 18 ሜትር ነው፤ ያውም በመስመሩ መሀል ብቻ፣ ወደ ጫፎቹ እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ ከተጠኑት የድንጋይ ግግሮች በአንዱ ላይ ይመልከቱት። በስዊዘርላንድ አልፕስ ሙርቴል በተባለው ግግር ላይ እ.ኤ.አ. በ1987 የ58 ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። ከ3 ሜትር ገደማ የቋጥኝ ሽፋን ሥር በረዶ የበዛበት ንብርብር ተገኘ፤ አብዛኛው እንቅስቃሴ የሚካሄደው ደግሞ ወደ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው፤ መሠረት ዓለቱ ከዚያም ይወርዳል። የእርስዎ መስመር እዚያ ቢዘረጋ ኖሮ የበረዶውን ራስ እንጂ ወለሉን ባላየ ነበር። ወለሉ ካልታየ ውፍረት የለም፤ ውፍረት ከሌለ ይዘት የለም።

ጥያቄዎ ያላነሳው ግን የማልዘለው ነገር የኤሌክትሮዶቹ መሬት መንካት ነው። ቋጥኝ ላይ የብረት ችንካር የሚነካው ነጥብ ብቻ ነው፤ የመነካካት ተቃውሞው በመቶ ሺህ ኦም ሲቆጠር ማየት የተለመደ ነው። መፍትሔው በጨው ውሃ የተነከረ ስፖንጅ በቋጥኞቹ መሀል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ጠቅጥቆ ችንካሩን በእሱ ላይ መትከል ነው። ነገር ግን ውሃውን ሳይቆጥቡ ካፈሰሱ በጎረቤት ኤሌክትሮዶች መካከል ሰው ሠራሽ መንገድ ይፈጥራሉ። ከመለካትዎ በፊት የእያንዳንዱን ችንካር ተቃውሞ ይመዝግቡ። ከልኬቶቹ ከፊሉን ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትንና ቮልቴጅ የሚለኩትን ጥንዶች አቀያይረው ይድገሙ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ያ ልኬት ይጣላል። ዌነርን መምረጥዎ ጥሩ ነው፤ ዳይፖል ዳይፖል የሚባለው ሌላ አደራደር በጎን በኩል አጥርቶ ቢያሳይም ምልክቱ ደካማ ስለሆነ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ በጫጫታ ይዋጣል።

አሁን ሴይስሚኩ ለምን እንደሚቀድም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 330 ሜትር፣ በውሃ 1,500፣ በበረዶ 3,500 ገደማ፣ በጤነኛ ዓለት ደግሞ ከ5,000 እስከ 6,000 ሜትር ይጓዛል። ሬዚስቲቪቲ አንድ ላይ የሚጨፈልቃቸውን ሦስቱን፣ አየርን፣ በረዶንና ዓለትን፣ የሞገድ ፍጥነት ይለያያቸዋል። ያንን የ15,000 ኦም ሜትር ዞን በ600 ሜትር በሰከንድ ካገኙት አየር ያለበት ደረቅ ቋጥኝ ነው። ከ2,500 እስከ 4,200 ባለው ውስጥ ከወደቀ የረጋ ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል። 5,500 ከሆነ ዓለት ላይ ቆመዋል። እኔም በተማሪነቴ በሬዚስቲቪቲ ብቻ ተመርኩዤ በአንድ ተዳፋት ላይ «በረዶ» ብዬ በሰማያዊ ቀለም የሣልኩት አካል በዓመቱ ሴይስሚክ ሲሠራበት 700 ሜትር በሰከንድ ሆኖ ወጣ። ባዶ የድንጋይ ክምር ነበር።

የዚህ ዘዴ ደካማ ጎን ሁለት ነው። የተሰነጣጠቀና የበሰበሰ መሠረት ዓለት ከ2,500 እስከ 4,000 ባለው ፍጥነት ስለሚገኝ ከረጋ ፍርስራሽ ጋር ይምታታል፤ እዚህ ላይ ሬዚስቲቪቲው መልሶ ያግዛል። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ የታጠፈው ሞገድ ወደ ላይ የሚመለሰው ፍጥነቱ ወደ ታች ሲጨምር ብቻ ነው። ከረጋው ንብርብር ሥር ያልረጋ ዝግተኛ ደለል ካለ ለሪፍራክሽን የማይታይ ነው። ስለዚህ ሴይስሚኩ የበረዶውን ራስ አጥርቶ ይነግርዎታል፤ ወለሉን ግን ብዙ ጊዜ አይነግርዎትም።

«ሁለቱን ካጣመርኩ በረዶውን በመቶኛ አገኛለሁ ማለት ነው?» ሊሉ ይችላሉ። የአራት ክፍል ሞዴል የሚባለው ስሌት ይህን ያደርጋል። መሬቱን ዓለት፣ ውሃ፣ በረዶና አየር ብሎ ይከፍላል፤ የአራቱ ድርሻ ሲደመር አንድ ይሆናል። አንዱን ቀመር ሬዚስቲቪቲው ይሰጣል፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በአርቺ ስም የሚታወቀው ነው። ሌላውን የሞገዱ ፍጥነት ይሰጣል። ግን ይቁጠሩ፦ አራት ያልታወቁ ነገሮች፣ ሦስት ቀመሮች። አንዱን እርስዎ መገመት አለብዎት፤ ብዙውን ጊዜ የሚገመተው በድንጋዮቹ መሀል ያለው ክፍተት ምን ያህል መሆኑ ነው። በዚህ ግምት ላይ ነው ሁሉም የሚንጠለጠለው። ሞገዱ አንድን ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበትን ጊዜ በየድርሻው ደምረው ይሞክሩት። ለዓለቱ 6,000፣ ለበረዶው 3,500 ሜትር በሰከንድ ይያዙ። ግማሹ ዓለት ግማሹ በረዶ ከሆነ ፍጥነቱ ወደ 4,400 ይመጣል። ዓለቱን 60 በመቶ፣ በረዶውን 40 በመቶ ያድርጉት፤ ወደ 4,650 ይሆናል። የ250 ሜትር ልዩነት ነው፣ ቋጥኝ ላይ በመዶሻ ከሚገኝ መረጃ ስህተት ብዙም አይበልጥም። ግማሽ በግማሽ በሆነው ላይ ከጠቅላላው ይዘት 5 በመቶ የሚሆነውን በረዶ ብቻ በአየር ሲተኩ ግን ፍጥነቱ ከ4,400 ወደ 2,750 ይወርዳል። ዘዴው ጥቂት አየርን በጥርት ይሰማል፤ በዓለትና በበረዶ መካከል ያለውን 10 በመቶ ግን አያስተውልም።

ያ 10 በመቶ በውሃ ሲመነዘር ቀላል አይደለም። ግግሩ 300 ሜትር ርዝመት፣ 200 ሜትር ስፋትና 20 ሜትር የረጋ ውፍረት አለው እንበል፤ ይዘቱ 1,200,000 ሜትር ኩብ ነው። የ10 በመቶ የግምት ልዩነት ብቻውን 120,000 ሜትር ኩብ በረዶ፣ ማለትም ወደ 110,000 ሜትር ኩብ ውሃ ያመጣል ወይም ይወስዳል። ውፍረቱን ራሱን ገና አልነካነውም። አንድ ነጠላ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ይህን ሁሉ ደብቆ ነው የሚጽፈው። ወሬውም በወረቀት ላይ አይቀርም። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው የበረዶ ግግሮች ሕግ በረዶ የያዙ የድንጋይ ግግሮችንም የውሃ መጠባበቂያ አድርጎ ጥበቃ ሰጥቷቸዋል። በእንዲህ ያለ አገር «በረዶ አለ» ወይም «የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የማዕድን ፈቃድ ሊያስቆም ወይም ሊያሳልፍ ይችላል።

ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የበረዶው ይዘት በየዓመቱ ወንዙ ውስጥ የሚገባ ውሃ አይደለም። የላይኛው የቋጥኝ ሽፋን ቀዝቃዛ አየር በመሀሉ እያቆየ በረዶውን ከሙቀት ስለሚከልል መቅለጡ ከተራ የበረዶ ግግር እጅግ የዘገየ ነው። ከግንባሩ ሥር የሚፈልቀው ውሃ በአብዛኛው የዓመቱ ዝናብና የቀለጠ አመዳይ (ከሰማይ የሚወርድ ነጭ በረዶ) ነው። በረዶ የሌለበት የቆየ ክምርም ቢሆን ውሃ አጠራቅሞ ቀስ እያለ ሊያፈስ ይችላል። ስለ ውሃ አቅርቦት መጻፍ ከፈለጉ ምንጩን ይለኩ።

ራዳሩ ላይ አጭር ልሁን። ሬዚስቲቪቲው በከፍተኛ መጠን የሚገኝ መሬት ለራዳር ምቹ ነው፤ ሞገዱ ሳይዳከም ብዙ ይወርዳል። የመሠረት ዓለቱን ወለል ለማግኘት፣ ማለትም ሴይስሚኩ የሚያመልጠውን ውፍረት ለመገመት፣ ከሁሉ የተሻለ ተስፋ ያለው እሱ ነው። የበረዶን መቶኛ ግን አይናገርም። በ50 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት በበረዶ ውስጥ 3.3 ሜትር ገደማ ነው፤ የቋጥኞቹ መጠን ወደዚህ ሲጠጋ ሞገዱ በየአቅጣጫው ይበተንና ምስሉ በቅስቶች ይሞላል። አንቴናውም በአብዛኛው ያልተከለለ ስለሚሆን በአየር ሄዶ ከጎን ገደል ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ከመሬት ሥር እንደመጣ ንብርብር ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን ወሰን «መሠረት ዓለት» ብሎ መሰየም ቀላል ነው። ፍጥነቱን በአየር ፍጥነት፣ በናኖሰከንድ 0.3 ሜትር፣ አድርገው ርቀቱን ያስሉት፤ ከገደሉ ርቀት ጋር ከገጠመ ይሰርዙት። ጊዜው ሲመረጥ ደረቅ አመዳይ ቋጥኞቹን የሸፈነበት የቅዝቃዜው ወቅት ማብቂያ ይሻላል፤ አንቴናውን መጎተት የሚቻለው ያኔ ነው።

የኤሌክትሮማግኔቲክ መሣሪያዎች ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን ጥንካሬያቸው ኤሌክትሪክ በደንብ በሚያስተላልፍ መሬት ላይ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ተቃራኒው ላይ ነዎት። ግራቪሜትሪ፣ ማለትም የስበት ልኬት፣ ይቻላል፤ ግን በእንዲያ ያለ ወጣ ገባ መሬት የከፍታ እርማቱ ሥራውን ሁሉ ይበላዋል። በዚህ ደረጃ ሁለቱንም ይተዉአቸው።

ለቁፋሮ ገንዘብ የለም ማለት ለሙቀት ልኬት ገንዘብ የለም ማለት አይደለም። ትንንሽ የሙቀት መዝጋቢዎችን በቋጥኞቹ መሀል ከጥቂት አሥር ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ለአንድ ዓመት ይቅበሩ። ከ80 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር የሚሆን አመዳይ ለረጅም ጊዜ ሲጋርደው፣ በቅዝቃዜው ወቅት ማብቂያ ከአመዳዩ ሥር ያለው ሙቀት ይረጋጋል። ከ3 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከወረደ ፐርማፍሮስት መኖሩ ይገመታል፤ ከ2 ዲግሪ ከዜሮ በታች ካልደረሰ አጠራጣሪ ነው፤ በመሀል ያለው ያሻማል። ይህ መመዘኛ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአልፕስ ሲሠራበት የቆየ ነው። ቋጥኝ ላይ ግን አየር በመሀሉ ስለሚዘዋወር ሊያሳስት ይችላልና ብቻውን አይጠቀሙበት። በሞቃቱ ወቅት ማብቂያ ደግሞ ከግንባሩ ሥር የሚወጣውን ምንጭ ሙቀት ይለኩ፤ ያኔም ከ1 ዲግሪ በታች ሆኖ ከተገኘ ጠንካራ ጥቆማ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወደፊቱ ያስቡበት። የአንድ ቀን ምስል ከሚነግረን የተደጋጋሚ ልኬት ይበልጣል፤ ዓለቱና ክፍተቱ ከዓመት ዓመት ስለማይለወጡ የተለወጠው ውሃውና በረዶው ነው ለማለት ያስችላልና። በስዊዘርላንድ ሺልትሆርን በሚባለው ተራራ ላይ ቋሚ ኤሌክትሮዶች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተተክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ በደረሰው ታላቅ ሙቀት በየዓመቱ የሚቀልጠው ንብርብር ከወትሮው ከ4 እስከ 5 ሜትር ወደ 9 ሜትር ሲጠጋ የሬዚስቲቪቲው መውረድም በምስሉ ላይ ታይቷል። እዚያ ግን ጉድጓዶችም ነበሩ። ኤሌክትሮዶቹን ሲነቅሉ ቢያንስ የእያንዳንዳቸውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገው በጂፒኤስ ይመዝግቡ፤ ቀጣዩ ተማሪ ያመሰግንዎታል።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህ ነው። በሞቃቱ ወቅት ማብቂያ፣ የቀለጠው ንብርብር ከፍተኛ ጥልቀቱን ሲይዝ፣ ወደ ቦታው ይመለሱ። ያንኑ መስመር በ5 ሜትር ድጋሚ ይለኩ፤ ከዚያ ችንካሮቹን በ10 ሜትር አራርቀው በ230 ሜትር ላይ ይለኩ። መሣሪያው ያው ሆኖ ጥልቀትዎ ወደ 36 ሜትር ይደርሳል፤ ጥራቱ ግን ይቀንሳል። ኤሌክትሮዶቹ በነበሩበት ጂኦፎኖችን (የመሬት ንዝረት መቀበያዎችን) ተክለው በከባድ መዶሻ ሪፍራክሽን ይሥሩ፤ በየነጥቡ ደጋግመው መትተው ምልክቱን ያጠራቅሙ። የረጋው ወሰን በእርግጥ 4 ሜትር ላይ ካለና ላዩ በ500፣ ሥሩ በ3,500 ሜትር በሰከንድ የሚጓዝ ከሆነ፣ ቀጥተኛው ሞገድ ቀድሞ የሚደርሰው ከመዶሻው እስከ 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጂኦፎኖቹ 5 ሜትር ከተራራቁ ላይኛውን ንብርብር የሚያዩት በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ይሆናልና በጂኦፎኖቹ መሀልም ይምቱ፤ ከመስመሩ ጫፎች ውጭም ከ20 እስከ 40 ሜትር ርቀው ይምቱ። ከተቻለ ከዋናው መስመር ጋር የሚሻገር አንድ ተጨማሪ መስመር ይዘርጉ፤ ሸንተረርና ስርጥ ባለበት መሬት ላይ አንድ መስመር ከጎኑ ያለውን ነገር ከሥሩ እንዳለ አድርጎ ያሳያል። ራዳሩን የሚያበድር ካገኙ በቀጣዩ የአመዳይ ወቅት ያድርጉት።

ሥራው ላይ ሳሉ ሁለት ነገር አደራ። መሣሪያው በብዙ መቶ ቮልት ይሠራል፤ በጨው ውሃ የረጠበ ስፖንጅ የያዘ እጅ ደግሞ ጥሩ አስተላላፊ ነው። ኤሌክትሪክ ከመለቀቁ በፊት በመስመሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ መልስ ይስጥ። ነጎድጓድ ከሩቅ ከሰሙ ገመዱን እዚያው ትተው ይውረዱ፤ በተራራ ላይ የተዘረጋ የ230 ሜትር ሽቦ መብረቅ ይጋብዛል። በግንባሩ ሥር ደግሞ አይቁሙ፤ ምንጩን የሚለኩት በማለዳ፣ ድንጋዩ ገና በቅዝቃዜ ተያይዞ ሳለ ይሁን።

እስከዚያው በጽሑፍዎ ውስጥ ያለውን «የበረዶው መኖር ተረጋግጧል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይሰርዙ። በምትኩ «ከ4 እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ባለው ውስጥ በረዶ ከያዘ ፍርስራሽ፣ ከደረቅ ቋጥኝ ወይም ከመሠረት ዓለት ሊመነጭ የሚችል ከፍተኛ ሬዚስቲቪቲ ተለክቷል፤ የአካሉ ወለል አልታየም» ብለው ይጻፉ። የውሃውን መጠን ስሌት ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ሴይስሚኩ ከተሠራ በኋላ የሚመልሱት ከሆነ በአንድ ቁጥር ሳይሆን በዝቅተኛና በከፍተኛ ግምት፣ የተገመተውን የክፍተት መጠን ከጎኑ ጽፈው ይመልሱት።